አንቺ ዲስፕሌይ ነሽ

ዲስፕሌይ የሚባለው ቃል ከእንግዲህ በጆሮዬ ባይገባ ደስ ይለኝ ነበር። ግን የት አባቴ እገባለሁ? የምኖረው በእሱ ነው። ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ጠዋት ቁልፉን ከኪሴ ሳላወጣ በር ላይ የሚጠብቀኝ ሰው፣ እንደምን አደርክ እንኳ ሳይል፣ «ዲስፕሌዬ ተሰነጠቀ» ይላል። ከኋላው ያለው «የኔ ጠቆረ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ገና ስልኩን ሳያሳየኝ «ኦርጅናል ዲስፕሌይ አለህ ወይስ እንደ ባለፈው ልትሸውደኝ ነው?» ብሎ ቀኔን ያበላሽልኛል።

ቃሉ እንግሊዝኛ ነው። ማሳየት፣ ለዕይታ መዘርጋት ማለት ነው ይላሉ ቋንቋውን የሚያውቁት። እኛ መንገድ ላይ ግን ዲስፕሌይ መስታወት ነው፤ ሲነኩት የሚበራ፣ ሲወድቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲቀየር ባለቤቱ የሚያለቃቅስበት መስታወት። ጎረምሶቹ ደግሞ የራሳቸው ትርጉም አላቸው። ፊቱ ያበጠ ሰው ሲያልፍ «ወንድሜ፣ ዲስፕሌይህን ምን ነካው?» ይሉታል። ድሮ እኔም አብሬ እስቅ ነበር። አሁን ቃሉን ሰው ላይ ሲለጥፉት ደሜ ይፈላል። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ታላቅ እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እናታችን ገና ልጆች ሳለን ስለሞተች፣ አብልታም አጥባም ገርፋም ያሳደገችኝ እሷ ናት። እኔ እትዬ እላታለሁ፤ ሰፈሩ «መርፌ» ይላታል። ቅጥነቷን አይተው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ምላሷም ይወጋል። አንድ ወፍራም ሹፌር ሱሪውን ይዞ መጥቶ «ይሄ ነገር በእጥበት ጠበበብኝ» ቢላት፣ ሱሪውን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ሱሪውስ እንዳለ ነው፤ የሰፋኸው አንተ ነህ» አለችው። ሹፌሩ ተቆጣ፣ አጉረመረመ፣ ግን ሌላ ሰፊ ጋ አልሄደም። ማንም አይሄድም ነበር።

የምትሠራው በምትኖርበት ክፍል ነው። አልጋዋ በመጋረጃ ተከልሏል፤ የእግር ስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ነው፤ ግድግዳው ላይ የሰዉ ልብስ በየሚስማሩ ተንጠልጥሎ እንግዳ የሞላበት ቤት ያስመስለዋል። መቀሷን ማንም አይነካም። ልጅ ሆኜ ወረቀት ቆርጬበት የመታችኝን ምት ዛሬም ጀርባዬ ያስታውሰዋል። ልብስ ስትለካ ስፒሎቹን በከንፈሯ ነክሳ በአፏ ጥግ ታወራለች፤ «ሆድሽን ልቀቂው እንጂ! ቀኑን ሙሉ ትንፋሽሽን ይዘሽ ልትውዪ ነው?» ትላለች። ለባለጸጋውም ለድሃውም እኩል ነው የምትቆጣው። ልብሱ ግን አንዴ ከእጇ ከወጣ ወጣ ነው፤ ታናሽ ከታላቅ እየወረሰ ይለብሰዋል እንጂ ስፌቱ አይላቀቅም። ሌላ ሀብት አልነበራትም፤ ሀብቷ ስሟ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የእሷን ስም ግን በቁሟ ሊቀብሩት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ፋብሪካ ሰፍቶ የጨረሰው ልብስ መንገዱን ሲያጥለቀልቀው ነው። ሰው በቆመበት ለክቶ በቆመበት ለብሶ መሄድ ሲችል ማን ቀጠሮ ይጠብቃል? ለእትዬ የቀራት ዚፕ መቀየርና የሱሪ እግር ማሳጠር ሆነ። ያን ጊዜ ነው ፈገግታው ቤቷ ድረስ የመጣው። ፈገግታው ያልኩት ከሱቄ ማዶ ትልቁን ልብስ ቤት የከፈተውን ሰውዬ ነው፤ ሲያተርፍም ሲሳደብም ጥርሱ ስለማይከደን ነው ስሙ የወጣለት። አፈ ቅቤ፣ ልበ ጩቤ። ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ፣ አንድ የሕፃን ካፖርት አንስቶ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ዳበሰና «የኔ እናት፣ እንዲህ ያለ እጅ ጓዳ ውስጥ መቅረት የለበትም። ሱቄ ውስጥ ሥሪ፤ ትዕዛዙን እኔ አመጣልሻለሁ» አላት። እትዬ ሰው አመሰገነኝ ብላ የምትሞኝ ሴት አይደለችም። ግን ሥራ የናፈቀው እጅ ምን ያደርጋል? መኪናዋን በጋሪ አስጭና ሄደች።

መጀመሪያ ላይ፣ እውነት ለመናገር፣ ደህና ነበር። ከሱቁ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች፣ ትቆጣለች። ቆይቶ ግን በጓሮ በር ትልልቅ ካርቶን መግባት ጀመረ። ካርቶኑ በበዛ ቁጥር ትዕዛዙ አነሰ። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ስትገባ መኪናዋን ቦታው ላይ አጣችው። ወደ መንገዱ በሚያየው ሰፊ መስታወት ሥር፣ ራስ በሌላቸው ሁለት አሻንጉሊቶች መሀል ተተክሎ አገኘችው።

«ምነው መኪናዬን?» ብትለው፣ ፈገግታው ጥርሱን ሁሉ አሳይቷት «ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ዲስፕሌይ ነሽ የኔ እናት» አላት።

በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻግራ እኔ ጋ መጣች። ሆዱ የተከፈተ ስልክ ላይ አቀርቅሬ ነበር።

«ስማ አንተ፣ ዲስፕሌይ ማለት ምንድነው?»

ለምን እንደጠየቀችኝ ምን አውቄ? እኔ የማውቀውን ዲስፕሌይ አሳየኋት። አዲሱን መስታወት ከገመዱ ጋር አገናኘሁትና በራ። «ይሄ ነው እትዬ። ያለሱ ስልኩ ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ማን እንደደወለ አታዪም። የስልክ ፊቱ ነው።»

«ፊቱ!» አለችና ሳቀች። እትዬ እንዲህ አትስቅም። ማታ ቤታችን ጎራ ብላ ለሚስቴ «የሱቁ ፊት አድርገውኛል» ስትላት ሰማሁ። በማግስቱ ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ መስታወቱ ሥር ተቀመጠች። ከማዶ ሆኜ አያትና ደስ ይለኝ ነበር። አላፊ አግዳሚው እጁን ያወዛውዝላታል፤ እሷም ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትመልሳለች። ከመስታወቱ በላይ ደግሞ በትልልቅ ፊደል «ሁሉም በእጅ የተሰፋ» የሚል ተሰቀለ።

ልብ ያልኩት ክር ልገዛ ወደዚያ የተሻገርኩ ቀን ነው። ከእትዬ አጠገብ ያለው አሻንጉሊት ካፖርት ለብሷል፤ ደረቱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። «ለዲስፕሌይ ብቻ፤ አይሸጥም።» ቆም አልኩ። ይሄንንማ በራሴ ሙያ አውቀዋለሁ! ስልክ መሸጫ ቤት በመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚደረደሩት የሚያብረቀርቁ ስልኮች አሉ አይደል? አንዱን ብታነሱት እንደ ክብሪት ቀፎ ይቀላል። ውስጡ ምንም የለም፤ ባዶ ቀፎ ነው። እሱንም ዲስፕሌይ ይሉታል። ይሄ የተረገመ ቃል ለሁለቱም ይሠራል፤ ለሚታየው ፊትም፣ ውስጡ ባዶ ለሆነውም። ፈገግታው እህቴን የትኛውን እንዳላት ያን ጊዜ ገባኝ።

እጆቿን አየሁ። እግሯ መርገጫውን ይመታል፣ መርፌው ይወጣል ይወርዳል፣ ቀይ ከፈይ ጨርቅ ከሥሩ ያልፋል። ክር የለም። ጨርቁ ከመወጋቱ ብዛት ወንፊት ሆኗል።

ዘልዬ ገባሁ። «እትዬ! ክሩ የታል?»

«ክር አያስፈልግም አለኝ። ክር ካለ ጨርቅ ይፈጃል። ሲያዩት ያው ነው አለኝ።»

«እና ቀኑን ሙሉ አየር ስትሰፊ ነው የምትውዪው? ተነሺ! አሁኑኑ ተነሺ!»

«አትጩህ፤ ሰው ያያል።»

«ሰውማ እያየሽ ነው እኮ! ይሄ ውሸታም ጥርሱን እያገጠጠ…»

«አንተ ምን ታውቃለህ?» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ዕድሜዬን ሙሉ መስኮት ሥር ተጎንብሼ ስሰፋ ማን ልብ አለኝ? የሰፋሁትን አመሰገኑ እንጂ እኔን ማን አየ? አሁን የማላውቀው ሰው ቆሞ ሰላም ይለኛል። ትዕዛዝም ይመጣል ብሏል።»

ትዕዛዝ ይመጣል! በሩን ደርግሜ ወጣሁ። ተኳረፍን። እኔ ከማዶ፣ እሷ ከማዶ፣ መሀላችን አንድ መንገድና አንድ መስታወት ሆኖ ሳንነጋገር ከረምን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እያልኩ ለሚስቴ ማታ ማታ እነጫነጫለሁ። ሚስቴም «ለሷ አትነግራትም? እኔ ምን አደረግሁህ?» ትለኛለች።

ከዚያ የባለ ዳቦ ቤቷ ልጅ ምርቃት ደረሰ።

ባለ ዳቦ ቤቷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። ባሏን ቀብራ፣ ሊጥ እያቦካች አንዲት ልጇን ኮሌጅ አስገብታ ያስተማረች ሴት ናት። ለልጇ ምርቃት ነጭ ቀሚስ ከፈገግታው ሱቅ ገዛች፤ በእጅ የተሰፋ ተብሎ ተጽፏላ! የማን እጅ እንደሆነ ደግሞ መስታወቱ ሥር ቁጭ ብሎ ይታያል። ልጅቷ ስሟ ተጠርቶ መድረክ ላይ ወጣች። ወረቀቷን ተቀብላ እናቷን ለማሳየት እጇን ከፍ ስታደርግ ቀሚሱ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተተረተረ። አዳራሽ ሙሉ ሰው አየ። የሳቀ ሳቀ፤ ያዘነ አዘነ። ልጅቷ ክንዷን ከጎኗ አጣብቃ ወረደች፣ ከዚያም ቤቷ ገብታ በሯን ዘጋች።

በማግስቱ ባለ ዳቦ ቤቷ፣ ክንዷ ላይ ዱቄት እንዳለ፣ ቀሚሱን ጠቅልላ ስትገሰግስ በሱቄ በር አለፈች። ወዴት እንደምትሄድ ወዲያው ገባኝ። ሱቁ ገባች፤ ገዢውን ሻጩን ገፍታ በአሻንጉሊቶቹ መሀል አልፋ ቀሚሱን መኪናው ላይ ወረወረችው። ምን እንዳለቻት አልሰማሁም፤ መስታወቱ ድምፅ አያሳልፍም። አፏ ሲከፈትና የእትዬ ፊት ሲለዋወጥ ብቻ ነው ያየሁት። ኋላ እትዬን ስጠይቃት «ልጄን በሰው ፊት አራቆትሽብኝ» ነው ያለቻት።

ሴትዮዋ ስትወጣ እትዬ ቀሚሱን አንስታ ብብቱን ገልጣ አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ብድግ አለችና ከጎኗ ያለውን አሻንጉሊት ካፖርቱን ገፈፈችው። እጅጌውን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው፤ ተነቀለ። ወደ መስታወቱ ከፍ አድርጋ ለመንገዱ አሳየችው። ሌላ አነሳች። ተረተረችው። አሳየች። ሱሪ፣ ጉርድ፣ የሕፃን ሸሚዝ፤ ያገኘችውን ሁሉ እየተረተረች ታሳያለች፣ ትጮሃለችም። ከማዶ ከአፏ እንቅስቃሴ ለይቼዋለሁ። «እኔ አይደለሁም የሰፋሁት! እኔ አይደለሁም!»

ሰው ተሰበሰበ። እና ይሄ ሕዝብ ምን አደረገ መሰላችሁ? ስልኩን አወጣ! ግማሹን ስልክ የጠገንኩት እኔው ነኝ፤ በኔው ዲስፕሌይ እህቴን ይቀርጿታል። «ምንድነው?» ይላል አንዱ። «ሾው ነው፤ ማስታወቂያ እየሠሩ ነው» ይላል ሌላው። «ይቺ ሴትዮ አክተር መሆን ነበረባት!» ብላ አንዷ ትስቃለች። አጨበጨቡ። ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ አጨበጨቡ! ፈገግታው በር ላይ ብቅ አለ። ይደነግጣል ብዬ ነበር። የት ደንግጦ! ሰዉን አየ፣ ስልኮቹን አየ፣ እሱም አብሮ ማጨብጨብ ጀመረ። «ግቡ! ግቡ! ዛሬ ልዩ ፕሮግራም አለን፤ ቅናሽም አለ!»

መንገዱን እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። መኪና ጥሩንባ ነፋብኝ መሰለኝ። ፈገግታው ሲያየኝ ወደ ኋላ ፈረጠጠና ካርቶን ላይ ወደቀ፤ ለካ ጠመንጃ መፍቻዬን እንደጨበጥኩ ነው የመጣሁት። ጠመንጃ መፍቻ ማለት ብሎን መፍቻ ነው እንጂ ሌላ አይደለም፤ የሰውዬው ጥርስ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ተከድኖ አየሁት። እትዬን ክንዷን ይዤ አወጣኋት። ጨርቄን ማቄን አላለችም። ነጩን ቀሚስ ብቻ ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች።

ውጪ ድምጿ ተሰማ። ሻክሯል። «የዚህን ሱቅ ልብስ አንዱንም አልሰፋሁም» አለች። «መኪናዬ ክር የለውም። ሂዱና እዩት።»

ሳቁ ቆመ። ስልኮቹ ግን አልወረዱም። «አውርዱት!» ብዬ ጮህኩ። «አውርዱት ብያለሁ! ነገ ሲሰበርባችሁ ደጄ እንዳትደርሱ!» አንዳንዱ አወረደ። ያኔ ነው ባለ ዳቦ ቤቷ ከሰዉ መሀል የወጣችው። ጫጫታውን ሰምታ ተመልሳ ኖሯል። አሁን ሁሉም ተገለጠ፣ እትዬን አቅፋ ይቅርታ ትጠይቃታለች ብዬ ጠበቅሁ። ሴትዮዋ ግን እትዬን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«ቀሚሱን ከመግዛቴ በፊት መስታወቱ ጋ መጥቼ ከፍ አድርጌ አሳየሁሽ» አለቻት። «‹ያንቺ ሥራ ነው?› ብዬ በእጄ ጠየቅሁሽ። አንቺም ፈገግ ብለሽ ራስሽን ነቀነቅሽልኝ። እሱን አይቼ ነው የገዛሁት። አልነቀነቅሽም?»

እኔ ቀደምኩ። «ያየሽን ሁሉ ፈገግ በይለት ብሎ አዟት እኮ ነው! ምን ታድርግ? እሱን አትጠይቂም እዚያ ካርቶን ላይ የተዘረረውን?»

«አንተን አልጠየቅሁም» አለችኝ ሴትዮዋ።

እትዬ «ነቅንቄያለሁ» አለች።

አንድም ሰበብ አልደረደረችም። ያቺ ለሹፌሩም ለሀብታሙም መልስ የማያልቅባት ምላስ የት እንደገባች እንጃ። በሴትዮዋ ብናደድም ባልናደድም ያው ነው፤ እውነቱን ነው የተናገረችው። እትዬ «ቀሚሱን ተይልኝ» ብቻ አለቻት። ሴትዮዋ ቀሚሱን ትታላት ሄደች።

መኪናዋን በማግስቱ ሁለት ተሸካሚዎች ይዤ አወጣሁት። ፈገግታው ጥርሱን መልሶ ገጥሞታል፤ «ዲስፕሌዬን ወሰድክብኝ አይደል?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ተሸካሚዎቹ ባይይዙኝ ኖሮ ዛሬ ይሄን የምጽፈው ከእስር ቤት ነበር። ሰነባብቶም ሌላ ሴት፣ ሌላ መኪና፣ እዚያው መስታወት ሥር ተቀመጠች። ሰው ዛሬም እጁን ያወዛውዝላታል። የእህቴም ቪዲዮ ከስልክ ስልክ እየዞረ ያስቃል አሉ። እኔ ጋ ለጥገና የሚመጣ ስልክ ላይ ካየሁት አጥፍቼው ነው የምመልሰው፤ ይክሰሱኝ።

እትዬ ቤቷ ገብታ ቀሚሱን ፈታችው። አንድ ስፌት ሳታስቀር በምላጭ ፈታችው፤ ጨርቁን አጥባ ተኮሰችው፣ ከዚያም እንደ አዲስ ሰፋችው። እዚያ ቤት ያን ሰሞን ቁጣ አልነበረም፤ ዚፕ ሊያስቀይር የመጣ ሰው እንኳ ሳይሰደብ ተመለሰ። ሲያልቅ «አብረኸኝ ና» አለችኝ።

ዳቦ ቤቱ ገበያተኛ ሞልቶት ነበር። ባለ ዳቦ ቤቷ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ጥቅሉን ተቀበለች። ድሮ ይቺ ሴት የእትዬን ሥራ እንደታጠፈ ተቀብላ፣ ሳትዘረጋው፣ «እጅሽን ቁርጥማት አይንካው» ብላ ነበር የምትሸኛት። አሁን ትሪዎቹን ገፋ አድርጋ ቀሚሱን ባንኮኒው ላይ ዘረጋችው። ገለበጠችው። ብብቱን በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። የግራውንም ሳበችው። ወገቡን፣ አንገትጌውን፣ የእጅጌውን ጫፍ፣ አንድ በአንድ፣ በዚያ ሊጥ በሚያቦካ ጡንቻዋ ትስባለች፤ ገበያተኛው ዳቦውን ትቶ ያያል። እህቴ ፊት ለፊቷ እጆቿን አጣምራ እንደ ተማሪ ቆማለች። አላስቻለኝም። ይሄን ሁሉ ዘመን ያለበሳችሁን እጅ እንዲህ በሰው ፊት ትፈትሻላችሁ ብዬ ልጮህ አፌን ስከፍት፣ እትዬ ዓይኗን ከቀሚሱ ሳትነቅል እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ተው፤ ትየው» አለችኝ።